ትኩስና ቀዝቃዛ ድንች በስታርች ይለያያሉ

በካዛንቺስና በቂርቆስ መንገዶች ዳር በዳጣ ወይም በሚጥሚጣ የሚሸጠው ቅቅል ድንች አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። ይህ ድንች ከትኩሱ የሚለየው በሙቀት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ስታርችም ባሕርይውን ለውጧል።

በጥሬ ድንች ውስጥ ስታርቹ በጠባብ ቅንጣቶች ተጨቁኖ ስለሚገኝ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም በቀላሉ አይደርስበትም። በውኃ ሲቀቀልና ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ቅንጣቶቹ ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ስታርቹም በፍጥነት ወደ ስኳር ይቀየራል። ሲቀዘቅዝ ከፊሉ እንደገና ተጠጋግቶ ይጠነክራል። ይህ የማይፈጭ ስታርች ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ ባክቴሪያዎችም አብላልተው ለአንጀት ግድግዳ ጠቃሚ የሆኑ አሲዶችን ያወጡበታል።

መጠኑ ግን የሚጋነን አይደለም። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በ100 ግራም ትኩስ ድንች ውስጥ በአማካይ 3.1 ግራም፣ በቀዘቀዘው 4.3 ግራም፣ ቀዝቅዞ በሞቀው ደግሞ 3.5 ግራም የማይፈጭ ስታርች ተገኝቷል። በምድጃ የተጋገረው ከተቀቀለው ይበልጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ቀዝቅዟልና አይጎዳኝም» ብሎ ሁለት ሦስት ድንች ቢጨምር ትርፉ ይጠፋል፤ አብዛኛው ስታርች አሁንም የሚፈጭ ነውና።

ማቀዝቀዝ ሲባልም በሳፋ ላይ ማሳደር አይደለም። የበሰለ ድንች ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ጀርም ይራባበታል፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት አለበት። ከመንገድ የሚገዛ ሰው ከነልጣጩ ቆይቶ ዓይኑ እያየ የሚላጥለትን ቢመርጥ ይሻላል።

በክትፎ ቤቶች የሚቀርበው ቆጮ ሌላ መንገድ ይከተላል። ከእንሰት የሚገኘው ይህ ምግብ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ረቂቅ ተሕዋስያን የስኳሩንና የስታርቹን ከፊል ተመግበው ያኮመጥጡታል። በጥቂት ውኃ ስለሚጋገር ቅንጣቶቹ በሙሉ ላያብጡ ይችላሉ፤ በብዙ ውኃ የሚገነፋው የቡላ ገንፎ ግን በተቃራኒው ነው።

ስኳር ድንች ቀስ ብሎ ሲጠበስ የሚጣፍጠው የራሱ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ነው። አርሶ አደሩ ሥራ ሥሩን ጥሬውን በስሱ ቆራርጦ በፀሐይ ሲያደርቀው ሙቀቱ ቅንጣቱን ለማፍረስ አይበቃም፤ ስለዚህ ጥሬው ስታርች በዱቄቱ ውስጥ ይቆያል፣ ገንፎ ሲሠራ ግን አብዛኛው ይፈርሳል። በፀሐይ የአረንጓዴ መልክ የያዘ ድንች ግን ለምግብም ለሽያጭም አይሆንም፤ መርዙ በመቀቀል አይጠፋም።