ተናጋሪው መዝገበ ቃላት፦ አነሣሡ፣ አሠራሩና ለትምህርት ያለው ጥቅም

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ዘወትር የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪው አንድ ቃል በምን በምን ፊደል እንደሚጻፍ ሲጠይቅ «መዝገበ ቃላት ተመልከት» ይባላል። ነገር ግን ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጎ ለማግኘት አስቀድሞ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል፣ ማለትም በተለምዶ ስፔሊንግ የምንለውን ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ተማሪው የማያውቀውን ለመማር፣ የማያውቀውን ቀድሞ ማወቅ አለበት ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቃሉን በመጽሐፍ ላይ ተጽፎ ቢያገኘውም እንዴት እንደሚነበብ ወረቀቱ አፍ አውጥቶ አይነግረውም።

ይህን ችግር ለማቃለል ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኋላ የተነሡ መሐንዲሶች የሚናገር መዝገበ ቃላት ለመሥራት ደክመዋል። በዚህ ጽሑፍ የድካማቸውን ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ለክፍል ትምህርታችን የሚሰጠውን ቁም ነገር እንመረምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የችግሩን ሥር ማየት ይገባል። በእኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አዋሕዶ ስለያዘ፣ ፊደሉን ያወቀ ልጅ ያየውን ቃል በአብዛኛው ማንበብ ይችላል። እንግሊዝኛ ግን 26 ፊደላት ብቻ ይዞ ከ40 የማያንሱ ድምፆችን መጻፍ አለበት። በዚህ ላይ የታሪክ ጣጣ ተጨመረበት። ዊልያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ አገር ካስገባ በኋላ የቃላቱ አጻጻፍ ቀስ በቀስ እየረጋ ሲሄድ፣ የሕዝቡ አነጋገር ግን መለወጡን አላቆመም። ለምሳሌ በጥንት ዘመን ፈረሰኛውን ጦረኛ የሚያመለክተው «ናይት» የተባለው ቃል በመነሻው ያለው ኬም ሆነ በመካከሉ ያሉት ጂና ኤች በድምፅ ይሰሙ ነበር። ዛሬ ድምፃቸው ጠፍቶ ፊደላቸው ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ በከፊል የዛሬው አነጋገር፣ በከፊል ደግሞ የጥንቱ አነጋገር መዝገብ ነው። ልጆች የሚቸገሩበት ምክንያት ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ተናጋሪው መሣሪያ ታሪክ እንለፍ። ሰው ሠራሽ ነገር እንዲናገር የማድረግ ምኞት አዲስ አይደለም። ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ በ1791 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በወናፍ እየተነፋ የሰውን ድምፅ የሚመስል ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ አሠራር ገልጿል። በ1877 ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን ሲሠራ ድምፅን ቀርጾ መልሶ ማሰማት ተቻለ። በ1939 ደግሞ በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የሆነው ሆመር ዱድሊ «ቮደር» የተባለውን የኤሌክትሪክ ተናጋሪ ለሕዝብ አሳየ። ይህን መሣሪያ እንደ ፒያኖ በጣትና በእግር እየነኩ የሚያናግሩት ረዘም ላለ ጊዜ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ድንቅ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድም ልጅ በእጁ ይዞ ትምህርት ቤት ሊሄድባቸው የሚችል አልነበሩም።

ትልቁ እንቅፋት የማኅደረ ትውስታ ጉዳይ ነበር። በዲጂታል ስልክ አሠራር አንድ ሰከንድ ንግግር ለመያዝ 64,000 ቢት ያስፈልጋል። በዚህ ሒሳብ መቶ ቃላት እንኳ በአንድ የልጅ መጫወቻ ውስጥ ለማስቀመጥ በዚያን ጊዜ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። መፍትሔው የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃፓን ፉሚታዳ ኢታኩራ፣ በአሜሪካም ቢሽኑ አታል ከየሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ካጠኑት አዲስ የድምፅ ስሌት ነው። የስሌቱ ሐሳብ እንዲህ ነው። የሰው ድምፅ ከጉሮሮ ይነሣና በአፍ፣ በምላስና በከንፈር ቅርጽ ይለወጣል። እንግዲህ ድምፁን ራሱን ከማስቀመጥ ይልቅ፣ የጉሮሮውንና የአፉን ሁኔታ የሚገልጹ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ማስቀመጥ ይበቃል። መሣሪያው እነዚህን ቁጥሮች እያነበበ ድምፁን እንደገና ይሠራዋል። ነገሩ የተጋገረ እንጀራ ተሸክሞ ከመዞር ይልቅ ዱቄቱን ይዞ በደረሱበት እንደ መጋገር ነው።

በዚህ ሐሳብ በመጠቀም የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ መሐንዲሶች የሆኑት ፖል ብሪድላቭ፣ ሪቻርድ ዊጊንስ፣ ላሪ ብራንቲንግሃምና ጂን ፍራንትዝ በ1976 አንድ ሥራ ጀመሩ። ለመነሻ ጥናት የተመደበላቸው ገንዘብ 25,000 ዶላር ብቻ ነበር። በ1978 ሰኔ ወር በቺካጎ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት «ስፒክ ኤንድ ስፔል» የተባለውን መሣሪያ ይዘው ቀረቡ። ዋጋው 50 ዶላር ያህል ነበር። በውስጡ የነበረው የንግግር ቺፕ የሰውን የአነጋገር አካል በአንዲት ደቃቅ ሲሊኮን ላይ በስሌት የተካ ሲሆን፣ ቃላቱም እያንዳንዳቸው 128 ኪሎቢት በሚይዙ ሁለት የማኅደረ ትውስታ ቺፖች ላይ ተቀመጡ። በዚህ ስፍራ ከ200 የሚበልጡ ቃላት ተከማችተዋል።

የአሠራሩ ሁኔታ ለመምህር እንግዳ አይደለም። መሣሪያው አንድ ቃል በድምፅ ይጠራል፤ ልጁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይነካል፤ እያንዳንዱም ፊደል ሲነካ ስሙ ይጠራል፤ በትንሿ መስኮትም ላይ ይታያል። ልጁ ቢሳሳት እንደገና እንዲሞክር ይነገረዋል። ሁለተኛም ቢሳሳት መሣሪያው ራሱ ትክክለኛውን ስፔሊንግ ፊደል በፊደል ያሰማዋል። አሥር ቃላት ሲያልቁ ውጤቱ ይገለጻል። ይህ እኛ ቃለ ጽሕፈት የምንለው የቆየ ልማድ ነው። አዲሱ ነገር ልጁ ብቻውን ሆኖ ቢሳሳት የሚስቅበት ሰው አለመኖሩና እርማቱ ስሕተቱ ገና ትኩስ ሳለ መድረሱ ነው። ሠላሳና አርባ ደብተር ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ መምህር የዚህን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል።

መሣሪያው በባሕር ማዶም ተስፋፋ። ለእንግሊዝ አገር ልጆች በእነርሱ የአነጋገር ቅላፄ፣ ለፈረንሳይም «ላ ዲክቴ ማዢክ» በሚል ስም በፈረንሳይኛ ተዘጋጀ። በ1982 በወጣው «ኢ ቲ» በተባለው ፊልም ላይም ከሌላ ዓለም የመጣው እንግዳ ወደ አገሩ መልእክት ለመላክ ከሚጠቀምባቸው ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ታይቷል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበርም በ2009 ይህን ሥራ ከሙያው ታላላቅ የታሪክ ምልክቶች መካከል መዝግቦታል።

ሆኖም ጉድለቶቹን መሸፋፈን አይገባም። መስኮቱ ከ8 ፊደላት በላይ አያሳይም ነበር። ድምፁም እንደ ስልክ ድምፅ ከፍተኛውን የድምፅ ንዝረት ስለሚቆርጥ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ድምፆች በሚገባ አይለዩም ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቃሉን ፍቺ አይናገርም። ስለዚህ አጥኚ ወይም ፈታኝ እንጂ በእውነት መዝገበ ቃላት አልነበረም።

ፍቺ የሚሰጠውና ስፔሊንግ የሚያቃናው ዓይነት በሌላ መንገድ መጣ። ፍራንክሊን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጀመሪያ ከአፕል ኮምፒዩተር ጋር የሚመሳሰሉ ኮምፒዩተሮች ይሠራ ነበር። በ1983 በዚሁ ሳቢያ በፍርድ ቤት ከተረታና በ1984 ለኪሳራ ከተዳረገ በኋላ ፊቱን በእጅ ወደሚያዙ መሣሪያዎች መለሰ። በ1986 ያወጣው የስፔሊንግ ማረሚያ መሣሪያ በመግቢያችን ላይ ያነሣነውን እንቆቅልሽ የሚፈታ ነበር። ተማሪው ቃሉን በጆሮው እንደሰማው አድርጎ ቢጽፍ፣ መሣሪያው በድምፅ የሚቀራረቡትን ትክክለኛ ቃላት ዘርዝሮ ያቀርብለታል። ከዚያ በኋላ ፍቺና ንግግር የተጨመረባቸው ሌሎች ዓይነቶች ተከተሉ።

በዚሁ ዘመን ማናቸውንም ጽሑፍ ወደ ድምፅ የመለወጥ ጥበብ ጎን ለጎን አደገ። ሬይ ኩርዝዌይል በ1976 ለዓይነ ስውራን የሚያነብ መሣሪያ አቀረበ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዴኒስ ክላት ያጠናው የንግግር ሥርዓትም ከ1983 በኋላ «ዴክቶክ» በተባለው መሣሪያ ላይ ዋለ። እነዚህ አስቀድሞ የተቀረጹ ቃላትን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያላዩትን ቃል ጭምር በደንብ ተመርተው ያነባሉ። ዛሬ የተለየ መሣሪያ መግዛት ሳያስፈልግ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ላይ ቃልን የሚያነብ መዝገበ ቃላት ማግኘት ይቻላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያስተምረናል? በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው በፊዚክስም ሆነ በታሪክ መጽሐፉ ላይ የሚገጥመውን ቃል ማንበብ ካልቻለ የሚጎዳው በእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ አይደለም። ቃሉን በዓይኑ እያየ በጆሮው ሊሰማ ከቻለ በአፉ ይለዋል፤ በአፉ ያለውን ቃል መምህሩ ሲናገረው ያውቀዋል። በተለይም ፊደልንና ድምፅን ማገናኘት ለሚከብዳቸው ልጆች ዓይንና ጆሮ አብረው መሥራታቸው ትልቅ ድጋፍ ነው።

ነገር ግን የሚያርም መሣሪያ ሁሉ የሚያስተምር አይደለም። መሣሪያው ትክክለኛውን ቃል አስቀድሞ ካቀረበለት ተማሪው ጣቱን ከማሳረፍ በቀር የሚሠራው የለም፤ ነገም ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። ተማሪው በመጀመሪያ ቃሉን በራሱ ግምት ይጻፍ፤ ቀጥሎ ያዳምጥ፤ ከዚያ ያመሳክር፤ በመጨረሻም መሣሪያውን ዘግቶ እንደገና ይጻፍ። መሣሪያ በሌለበት ክፍል መምህሩ ወይም ጎበዝ አንባቢ የሆነ ተማሪ በየዕለቱ አሥር ቃላት እየጠራ ይህንኑ ማድረግ ይችላል።

ለአማርኛም ቢሆን ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት ትርፍ ነገር አይደለም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገውን፣ ሲጠብቅ አለቃውን ወይም ተቀዳሚውን ያመለክታል። አማርኛ በአፉ የፈታ ልጅ ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል። ቋንቋውን በትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ግን፣ እንዲሁም በአሜሪካና በአውሮፓ ተወልዶ የወላጆቹን ቋንቋ ከመጽሐፍ የሚለምደው፣ ከድምፅ በቀር የሚነግረው የለም። በሌላ በኩል ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ በጆሮ አይለዩምና በዚህ ረገድ ድምፅ ብቻውን አይረዳም፤ ዓይንና ልምድ ያስፈልጋሉ።

በአገራችን ጥንታዊ ትምህርት ቤት የኔታ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከቱ ድምፁን ሲያሰሙ፣ ልጆቹም ተቀብለው ሲሉ ኖረዋል። ኤሌክትሮኒክስ የጨመረው ያንን ድምፅ ልጁ በፈለገው ሰዓትና በፈለገው መጠን ደግሞ የሚሰማበትን መንገድ ነው። የትኛው ቃል ለየትኛው ልጅ፣ በየትኛው ጊዜ እንደሚያስፈልግ መርጦ መስጠት ግን አሁንም የመምህሩ ሥራ ነው።