ዱካ ተከታዮቹ፦ የሰሜን ምዕራብ ናሚቢያን አውራሪሶች የተሸከሙ ሠራተኞች

በ1970 ገደማ በአፍሪካ ምድር 65,000 ያህል ጥቁር አውራሪስ ይኖር ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ2,500 በታች ቀረ፤ ዛሬ ቁጥሩ አገግሞ ከ6,000 አልፏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። እንስሳው ለምን እንደተመናመነ ብዙ ተጽፏል፤ የየመን ጩቤ እጀታ፣ የምሥራቅ እስያ ባህላዊ መድኃኒት፣ በየጦርነቱ የተበተነው መሣሪያ። እንዴት እንዳገገመ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሕጉ፣ ለጋሹ ወይም ሄሊኮፕተሩ ነው። ሥራውን የሠሩት ሰዎች በምስጋና ገጽ ላይ በጅምላ ይታለፋሉ። ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚያ ጉድለት ነው። ጉዳዩን የማየው በአንድ ቦታና በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ነው፤ ቦታው የሰሜን ምዕራብ ናሚቢያው የኩኔኔ ክልል፣ ድርጅቱ ሴቭ ዘ ራይኖ ትረስት። በእኔ ግምገማ በኩኔኔ አውራሪስን ያተረፈው ከሁሉ በላይ የአካባቢው ሰው ተቀጥሮ፣ ደሞዙ ሳይቋረጥበት፣ እያንዳንዱን እንስሳ ለይቶ እያወቀ ለዓመታት በአንድ ሥራ ላይ መቆየቱ ነው። እንዲህ ከሆነ የሠራተኛው የሥራ ሁኔታ ራሱ የጥበቃው ሳይንስ አካል ሆኖ መጠናት ይገባዋል።

ኩኔኔ የታጠረ ፓርክ አይደለም። በስተምዕራብ ከአትላንቲክ ጠረፍ ጭጋጋማ በረሃ ይጀምርና በስተምሥራቅ ወደ ኤቶሻ ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቃል። መሬቱ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ እምብዛም አያገኝም። አውራሪሱ እዚያ የሚኖረው ወተቱ ለሰው መርዝ የሆነውን የቁልቋል ዓይነት ሳይቀር እየበላ ነው። በዚሁ መሬት ላይ የዳማራ፣ የሄሬሮና የሂምባ አርብቶ አደሮች ከብትና ፍየል ያሰማራሉ። ከብሔራዊ ፓርክ ውጭ እንደ ልቡ ከሚንቀሳቀስ የጥቁር አውራሪስ መንጋ ሁሉ ትልቁ የሚገኘው በዚህ ሕዝብ መካከል ነው። ይህን ያህል ስፋት ያለውን አገር በዘበኛ ብዛት እጠብቃለሁ ማለት አይቻልም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁኔታው ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ናሚቢያ በደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ሥር ነበረች። ከባድ ድርቅ የአርብቶ አደሩን ከብት ፈጅቶት ስለነበር ሰው ወደ አደን ዞረ፤ ቀንድና ዝሆን ጥርስ የሚፈልጉ ነጋዴዎችም፣ መሣሪያ የያዙ የመንግሥት ሰዎችም በአደኑ ተሳትፈዋል። በአካባቢው የቀረው አውራሪስ ከመቶ በታች ነበር። የዕፅዋት ሠዓሊ የነበረችው ብላይዝ ሉቲት በዚያን ጊዜ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ ከሆነው ባለቤቷ ከሩዲ ጋር በዚያው በረሃ ትኖር ነበር። በየሸለቆው ቀንዱ የተቆረጠ ሬሳ ማየት ሲሰለቻት በ1982 ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆና ድርጅቱን መሠረተች፤ በ2005 እስክታርፍ ድረስም ሥራዋ ያው ነበር።

ከውሳኔዎቿ ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ የሚበልጠው የቅጥሩ ነው። ሉቲት በሕገ ወጥ አደን የተቀጡ ሰዎችን ዱካ ተከታይ አድርጋ ቀጠረች። ይህን እንደ ምሕረት ወይም እንደ ድፍረት ብቻ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የማየው እንደ ሙያ ምርጫ ነው። አውራሪስ የሚጠጣው በሌሊት ነው፤ ቀን ቀን በድንጋይና በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ይተኛል። የት እንደሚተኛ፣ ነፋሱ ሲዞር ወዴት እንደሚሸሽ የሚያውቀው አድኖት የሚያውቅ ሰው ነበር። ያ እውቀት በኮሌጅ አይገኝም፤ ባለቤቱም ሥራ ካጣ ወደ ጠመንጃው ይመለሳል። ደሞዙ እውቀቱን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው አሻገረው።

በዚሁ ጊዜ ጋርዝ ኦወን ስሚዝ የተባለ የጥበቃ ባለሙያ እንደ ጆሹዋ ካንጎምቤ ካሉ የአገር ሽማግሌዎች ጋር መክሮ ሌላ መንገድ ከፈተ። ሽማግሌዎቹ ከራሳቸው ወገን የታመኑ ሰዎችን መርጠው የዱር እንስሳ ጠባቂ አደረጉ። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚያገኙት በአብዛኛው ስንቅ ነበር፤ ተጠሪነታቸው ግን ለመረጣቸው ሽማግሌ ነበር። የዚህ ዝግጅት ጥቅም በአሠራሩ ይታያል። ከሩቅ የመጣ አዳኝ ወደ መንደር ሲገባ ማረፊያ፣ ውኃና መንገድ መሪ ያስፈልገዋል። እንግዳ መግባቱን መጀመሪያ የሚያውቁት እረኞች ናቸው፤ ጠባቂው የእረኛው አጎት ከሆነ ወሬው ሳይውል ሳያድር ይደርሰዋል። ኦወን ስሚዝና የሥራ አጋሩ ማርጋሬት ጃኮብሶን በ1993 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን አግኝተዋል። ከነጻነት በኋላ በ1996 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ የገጠሩ ሕዝብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ እንዲያቋቁምና ከዱር እንስሳት በሚገኘው ገቢ እንዲጠቀም ፈቀደ። አውራሪሱ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቀርቷል፤ አደራው ግን የመንደሩ ነው።

ሥራው በቀን ውስጥ ምን እንደሚመስል ሳይታይ ስለ ሠራተኛው መናገር ከንቱ ነው። ዱካ ተከታዮች ጎህ ሳይቀድ ወደ ምንጭ ይሄዳሉ። ባለ ሦስት ጣቱ ኮቴ በሌሊት የመጣ መሆኑን የሚለዩት ከጠርዙ ስለታምነትና በላዩ ከተሻገሩት የነፍሳት ዱካ ነው። ፋንድያውን በእጃቸው ይፈረካክሱታል፤ ጥቁር አውራሪስ ቅርንጫፍን በመቀስ እንደተቆረጠ አስመስሎ ሰያፍ ስለሚቀነጥበው የእንጨቱ ቁርጥራጭ ማን እንዳለፈ ይናገራል። ከዚያ ሰዓታት የሚፈጅ የእግር ጉዞ ይከተላል። ተሽከርካሪ በማይደርስበት ተራራ እንደ ግመል ያሉ የጭነት እንስሳት ስንቅ ይሸከማሉ። እንስሳው ሲቃረብ አቧራ በጣት ቆንጥረው እየበተኑ ነፋሱን ይመዝናሉ፤ የአውራሪስ ዓይን ደካማ ቢሆንም አፍንጫውና ጆሮው አይሳቱምና። ሲያገኙት አይነኩትም፣ አያባርሩትም። በርቀት ቆመው ፎቶ ያነሳሉ፤ ቦታውን በጂፒኤስ ይመዘግባሉ፤ የቀንዱን ቅርጽና በጆሮው ጠርዝ ላይ የተቆረጠውን ምልክት ያያሉ። የምልክቱ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ቁጥር ስላለው ድምሩ የእንስሳው መታወቂያ ይሆናል። ከዚያ የሰውነቱን አቋም ያያሉ፤ አጥንቱ ወጥቷል? ጎኑ ገብቷል? ሴት ከሆነች ጥጃ ተከትሏታል? ይህ ሁሉ በቅጹ ላይ ከሰፈረ በኋላ ቡድኑ ሳይታይ ይመለሳል። አንድ ጉዞ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቤተሰብ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያለ አባት ይቆያል።

በዚህ ዓይነት ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመው መዝገብ በዓለም ላይ ስለ ጥቁር አውራሪስ ካሉት ረጅም መረጃዎች አንዱ ነው። ዋጋው በግልጽ የታየው በቀንድ ቆረጣው ክርክር ነው። በ1989 የናሚቢያ ባለሥልጣናት አዳኝ እንዳይፈልጋቸው ብለው በአካባቢው የነበሩ አንዳንድ አውራሪሶችን ቀንድ ቆረጡ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ እርምጃ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አሜሪካዊዎቹ ተመራማሪዎች ጆኤል በርገርና ካሮል ካኒንግሃም ጅብ ባለበት አካባቢ ቀንድ የሌላቸው እናቶች ጥጆቻቸውን ማዳን ሳይችሉ እንደቀሩ ጻፉ። ሉቲትና የሥራ ባልደረቦቿ ደግሞ ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ለፍርድ ገና ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ከርሮ ነበር። የትኛው ወገን ትክክል ነበር ከሚለው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም የቆሙበት መሠረት ነው። የትኛዋ እናት መቼ ወለደች፣ ጥጃዋስ መቼ ጠፋ የሚለው ጥያቄ ሊነሳ የቻለው እያንዳንዷን እናት የሚያውቅ ሰው በየጊዜው ስላያት ነው። እንዲህ ያለ ክትትል ባይኖር ክርክሩም ባልኖረ ነበር።

ሲምሰን ኡሪ ኮብ በዚህ ድርጅት ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። የዳማራ ተወላጅ ናቸው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሜዳ ሥራ ጀምረው በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለመሆን በቁ። የሜዳ ሠራተኛ ወደ ኃላፊነት የሚወጣበት መሰላል በጥበቃ ድርጅቶች ውስጥ ብርቅ ነው። በአብዛኛው ሜዳው ለአገሬው፣ ቢሮው ለመጤው ይከፋፈላል፤ ይህ ክፍፍል ውሳኔውን ከእውቀቱ ያርቃል። ከ2012 ጀምሮ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራዎቹ የራሳቸውን የአውራሪስ ጠባቂዎች እየመረጡ መቅጠር ጀመሩ፤ ድርጅቱ ያሠለጥናቸዋል፣ ያስታጥቃቸዋል፣ መዝገባቸውን ይይዛል። ተጠሪነታቸው ለመንደራቸው ነው።

እርምጃው በወቅቱ የተወሰደ ነበር። በደቡብ አፍሪካ አደኑ እየበረታ ሄዶ በ2014 ብቻ 1,215 አውራሪሶች ተገደሉ፤ ማዕበሉ ወደ ናሚቢያም ተሻገረ። የብዙ አገሮች ምላሽ የጦር ሜዳ መልክ ነበረው፦ ወታደር፣ ድሮን፣ ተኩስ። ይህን አካሄድ የሚተቹ ምሁራን፣ ከእነርሱም ሮዛሊን ዳፊ፣ ጥበቃው የአካባቢውን ሕዝብ ጠላት አድርጎ ካየ ወሬ የሚነግረውን ሰው እንደሚያጣ በሰፊው ጽፈዋል። በኩኔኔም ፖሊስ መሣሪያ ይዞ ከቡድኖቹ ጋር ይወጣል፤ የታጠቀ አዳኝን ባዶ እጅ መጋፈጥ አይጠበቅም። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ዱካ ተከታዩና የመንደሩ ወሬ ይቀድማል፤ ጠመንጃው ይከተላል። በ2017 ኦሪክስ በተባለው ጆርናል የወጣው የጄፍ ሙንቲፈሪንግና የባልደረቦቹ ጥናትም የናሚቢያን ልምድ የሚያስረዳው ሕዝቡ ለአውራሪሱ በሚሰጠው ዋጋ በኩል ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ ኡሪ ኮብ ናቸው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከፊሉ ከጎብኚ ነው። ከ2003 ጀምሮ በኩኔኔው ፓልምዋግ የሚገኘው የበረሃ አውራሪስ ካምፕ እንግዶችን የሚያወጣው በድርጅቱ ዱካ ተከታዮች መሪነት ነው። ሌላው ከሩቅ ይመጣል። ለንደን የሚገኘውና በ1994 የተመዘገበው ሴቭ ዘ ራይኖ ኢንተርናሽናል ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ ለናሚቢያው ትረስት ለዓመታት ድጋፍ ሰጥቷል። የሚታወቀው 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የአውራሪስ ልብስ ለብሰው ማራቶን በሚሮጡ ደጋፊዎቹ ነው፤ ደራሲው ዳግላስ አዳምስም በ1994 በዚያ ልብስ ወደ ኪሊማንጃሮ በተደረገው ጉዞ ተካፍሏል። በዚህ በኩልም የማይታይ ሠራተኛ አለ። የእርዳታ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ደረሰኝ የሚያስታርቀው፣ የጎማና የጫማ ግዢ የሚከታተለው ሰው አንድ ወር ቢያዘገይ በበረሃ ያለው ቡድን ናፍጣ ያጣል። ለጋሾች መኪናና ካሜራ መስጠት ይወዳሉ፤ ፎቶ ያስነሳልና። ደሞዝ መስጠት አይወዱም። በ2020 ኮሮና ጎብኚውን ሲያስቀር በናሚቢያ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራዎች የጠባቂዎች ደሞዝ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ተሰባስቦ ነው የተረፈው። በ2019 ደብሊው ደብሊው ኤፍ ያሳተመውና በ28 አገሮች ውስጥ 7,110 ጠባቂዎችን ያነጋገረው ጥናት የዚህ ሙያ ሰዎች በየአገሩ ምን ያህል ረጅም ሰዓት በምን ያህል አደጋ ውስጥ እንደሚሠሩ አሳይቷል። እነዚህ ጉዳዮች በአስተዳደር ክፍል የሚቀሩ አይደሉም። ልምድ ያለው ዱካ ተከታይ ሥራውን ሲለቅ የአንድ ሸለቆ አውራሪሶች ታሪክ አብሮት ይሄዳል።

በእኛም አገር በኢትዮጵያ ጥቁር አውራሪስ ነበረ፤ ዛሬ በዱራችን የለም። ያሉንን የዱር እንስሳት ግን የሚጠብቁት በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ፣ በአዋሽ የተሰማሩ ስካውቶች ናቸው። በባሌ ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የአካባቢውን ልጆች ቀጥሮ የቀበሮ ቤተሰቦችን ለይተው እንዲከታተሉ ያደረገው ከኩኔኔ ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። በእነርሱ መዝገብ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች በየጆርናሉ ይወጣሉ። ለአገራችን ተመራማሪዎችና የጆርናል አዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። በስካውት መዝገብ የሠራችሁትን ጥናት ስታሳትሙ መዝገቡን የሰበሰቡትን ሰዎች፣ ፈቃደኛ እስከሆኑ ድረስ፣ በደራሲነት ወይም ቢያንስ በስም ጥቀሷቸው፤ በዘዴ ክፍሉም ስንት ሰዎች፣ ለስንት ዓመት፣ በምን የቅጥር ሁኔታ እንደሠሩ ጻፉ።