የአንኮበር ብድርና ዋሱ

የሸዋ ነገሥታት በአንኮበር መናገሻቸውን አጽንተው በተቀመጡበት ዘመን፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቍልቍል ሲወርዱ የሚገኘው አልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ የሚቆም ታላቅ ገበያ ነበረው። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ በግመል ያቋረጠው ባለጨው፣ ቡና ጭኖ የመጣው የሐረር ነጋዴ፣ የቈላውን ጥጥና በርበሬ ያቀረበው አርጎባ፣ ከመንዝና ከተጉለት ገብሱንና ከበግ ጠጕር የተሠራውን ባናውን በአህያ ጭኖ የወረደው ደገኛ፣ በቋንቋም በሃይማኖትም ተለያይተው ሳሉ በዚያ ሜዳ ተገናኝተው ይገበያዩ ነበር፤ በአጠገቡ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ የሰው ልጅ እንደ ከብት ይሸጥ እንደ ነበረ፣ የአገሩን ንግድ የሚያወሳ ጸሐፊ ሊሸሽገው አይገባም። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መጥቶ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የንግድ ውል እስከ መዋዋል ያደረሰው የዚህ መንገድ ጥቅም ነበር። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላወሳ የምሻው፣ በእጁ ገንዘብ ያልያዘ ሰው በዚያ ገበያ እንዴት አድርጎ ይገዛ እንደ ነበር ነው።

በዚያ ዘመን በሸዋ የሚሠራበት ገንዘብ ሁለት ዐይነት ነበር፤ አንደኛው የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ጠገራ ብር፣ ሁለተኛውም አሞሌ ጨው። ብሩን የሚቀበል ሰው የዘውዷን ዕንቍና የትከሻዋን ፈርጥ ነጥብ በጣቱ እየዳሰሰ ይቈጥራል፤ የደበዘዘ ወይም ያለቀ የመሰለውን ይመልሳል። አሞሌውም የክንድ እኩሌታ ያህል ርዝመት ያለው፣ እንዳይሰበር በልጥ የሚታሰር ጥርብ ጨው ሲሆን፣ ጥጉ የተሸረፈ እንደ ሆነ ዋጋው ይቀንሳል፤ በክረምት ጭጋግ አንኮበርን በሸፈናት ጊዜም ከርጥበት ሊጠበቅ ግድ ነው። እንግዲህ ብሩ ጥቂት ነገር ለመግዛት እጅግ ትልቅ፣ አሞሌውም ብዙ ነገር ለመግዛት እጅግ ከባድ ስለ ሆነ፣ በሁለቱ መካከል የቀረውን ክፍት ቦታ የሞላው የሰው ቃል ነበር፤ ይኸውም ዱቤ ነው።

ቃል ግን ብቻውን አይቆምምና ተበዳሪው ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆነውም በአገሩ የታወቀ፣ ርስት ያለው፣ በሸንጎ ቃሉ የሚሰማ ሰው ሲሆን፣ በምስክሮች ፊት ቆሞ እገሌ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ፣ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነም በንጉሡ ስም ምሎ ይገባል። ስለ ዋስ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናስበው በመክፈያው ቀን የሚደርስበትን መከራ ብቻ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የዋሱ ታላቅ ሥራ የሚፈጸመው ብድሩ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ነበር። ዋስ ሁነኝ ተብሎ የተለመነ ሰው፣ ገንዘቡን ለምን ፈለግኸው፣ በምንስ ትከፍለዋለህ ብሎ ሳይጠይቅ እጁን አያነሣም፤ ተበዳሪውም ለልጁ ሰርግ ወይም ለተዝካር ከዐቅሙ በላይ ሊበደር አስቦ እንደ ሆነ፣ ያን ጥያቄ ሲሰማ ሐሳቡን ይቀንሳል። ብዙ ዕዳ ሳይወለድ የቀረው በዚህች ጥያቄ ምክንያት መሆኑን ማንም በመዝገብ አልጻፈውም።

ቀኑ አልፎ ያልተከፈለ እንደ ሆነ፣ ባለገንዘቡና ባለዕዳው የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ በመንገድ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ እንኳ በሕግ አምላክ ብለው ዳኛ አድርገው ያቆሙት ነበር። ተፈርዶበት መክፈል ያቃተውም ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ቁራኛ ይታሰራል። ይህ ሥርዓት ጭካኔ ያለበት ነው፤ ሲቀርም ደግ ሆነ። ሆኖም ባለገንዘቡ ራሱ የሰንሰለቱ እኩሌታ በእጁ ስለ ሆነ፣ የማይከፍልን ሰው አታልሎ ማበደር ለእርሱም ቅጣት ነበር።

ወለድን በሚመለከት፣ ፍትሐ ነገሥት በግልጽ ይከለክላል፤ ዳዊቱን በቃሉ የደገመ ደቂቅ ሁሉ ደግሞ በ14ኛው መዝሙር በእግዚአብሔር ቅዱስ ተራራ የሚያድረው ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር መሆኑን ያውቃል። ክልከላው ግን አራጣን ስሙን አስለወጠው እንጂ አላጠፋውም። በሐምሌ እህል በተወደደ ጊዜ አንድ ቁና ገብስ የተበደረ ገበሬ፣ እህል በሚረክስበት በኅዳር ከአንድ ቁና አብልጦ እንዲመልስ ሲደረግ፣ አበዳሪው ወለድ ተቀበልሁ አይልም፤ ምርቃት ተጨመረልኝ ይላል። የንስሐ አባቱም ነገሩን እያወቀ ዝም ያለ እንደ ሆነ፣ ገበሬው አቤት የሚልበት አልነበረውም።

ከአንኮበር የዕዳ ታሪክ በጽሑፍ ከቀሩልን ሁሉ ግን ልብ የሚነካው የአርተር ራምቦ ነገር ነው። ይህ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ቅኔውን በወጣትነቱ ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በሸዋ ብዙ ከከረመው ነጋዴ ከላባቱ ጋር ተሻርኮ ለንጉሥ ምኒልክ 2,000 ያህል ጠመንጃ ሊያቀርብ ተነሣ። ላባቱ ታሞ ስለ ሞተ፣ ራምቦ ግመሎቹን ከታጁራ ብቻውን አስነድቶ በ1879 ዓ.ም. በጥር ማለቂያ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ስለ ነበር አላገኛቸውም፤ በእርሳቸው ፈንታ ያገኙት የላባቱ አበዳሪዎች ናቸው። አንዱ የሠራሁበትን ደመወዝ ይላል፣ ሌላው ያበደርሁትን ብር ይላል፣ የሟቹም ባለቤት በበኩልዋ ከዳኛ ፊት ቆመች፤ ሟቹ ከማን ስንት እንደ ተበደረ ግን አስረግጦ የሚመሰክር ዋስ አልነበረም። ራምቦ በ1880 ዓ.ም. በኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ እንደሚናገረው፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ እውነተኞች መሆናቸውን አይቶ አዘነላቸው፤ ዱቡዋ ለተባለው አበዳሪ 20 ያህል ብሩን ከፈለው፣ ሰውየው ባዶ እግሩን በመሄዱ ሲያማርር ሰምቶም አንድ ጥንድ ጫማውን በወለድ ስም ጨመረለት።

ንጉሡም ከዘመቻው በተመለሱ ጊዜ ጠመንጃውን በ14,000 ብር ገዝተው፣ ከዚያ የግመሉን ኪራይና ላባቱ አለበት የተባለውን ዕዳ ቀነሱ፤ የተረፈውን ወደ 9,000 የሚጠጋውን ግን በጥሬው አልሰጡትም፤ በሐረር ለተሾሙት ለመኰንን ክፈለው የሚል ወረቀት ጻፉለት እንጂ። በሐረርም ብር አልበረከተምና ከዚያው የተወሰነው በሌላ ወረቀት ተለወጠ፤ ራምቦ ያን ይዞ ምጽዋ ሲደርስ፣ የይለፍ ወረቀት ስላልነበረው ተይዞ ማንነቱን እስኪያስረዳ ቆየ። በእጁ የብዙ ሺህ ብር ወረቀት ይዞ ሳለ ይህ የእኔ ነው ብሎ የሚመሰክርለት አላገኘም። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የሚታየኝ፣ ብድር ከሚተዋወቁ ሰዎች ሸንጎ ወጥቶ ወደ ወረቀት በተሻገረበት ሰዓት፣ ዋሱ በመካከል ጠፍቶ መቅረቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ባጭሩ ልለፈው። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ አዘዘ፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ፣ ልኩ ያልተጻፈ እንደ ሆነም 9 እንዲሆን ወሰነ። ለዋስትናም የራሱን አንቀጾች ሰጠው።

ዱቤ ከወረቀት ወደ ካርድ የተሻገረው ግን በውጭ አገር ነው፤ በ1942 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዳይነርስ ክለብ የተባለው ማኅበር አባሎቹ በልዩ ልዩ ምግብ ቤቶች እንዲጠቀሙበት የዱቤ ካርድ አወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ባንኮች ተከተሉት። በእኛ አገር ዛሬ በሰው እጅ የሚገኘው ካርድ አብዛኛው የራስን ተቀማጭ የሚያወጡበት ነው፤ ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በቴሌብር ላይ መላና እንደኪሴ የተባሉትን አገልግሎቶች ከጀመረ ወዲህ፣ እንደኪሴ የሚከፍሉት ጐድሎ ሲገኝ ጉድለቱን ሞልቶ ከነክፍያው በኋላ የሚቀበል ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከካርድ ዱቤ እጅግ ተቀራርቧል። በዋሽንግተን ያሉት ወገኖቻችን የካርዱን ጠባይ በሚገባ ያውቁታል። በየወሩ የሚመጣውን ሒሳብ በቀኑ ሙሉውን የከፈለ ሰው በገዛው ዕቃ ላይ ወለድ አይቈጠርበትም፤ ባንኩ በታናሽ ቍጥር የጻፈለትን ትንሿን ክፍያ ብቻ የሰጠ ግን፣ በቀረው ላይ ወለድ፣ በወለዱም ላይ ወለድ ይቈጠርበታል፤ ያውም በዓመት ከመቶ 20 የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ካርድ ጥሬ ገንዘብ ያወጣ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ወለዱ የሚጀምርበት ከዚያው ቀን ነው። እኅት ወንድሞቻችን ይህን ሳያውቁ ለአገር ቤት ሰርግና ለቅሶ በካርድ እየተበደሩ ሲልኩ ማየት ያሳዝነኛል፤ ተቀባዩም በምን ገንዘብ እንደ ተላከለት ቢያውቅ መልካም ነበር።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ደግሞ፣ በደብረ ብርሃን ገንዘብ በሚያወጣው መሣሪያ ፊት፣ ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አባት ካርዳቸውን ከነምስጢር ቍጥሩ ለማያውቁት ወጣት ሲሰጡ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አባቴ፣ ቍጥሩን ለልጅዎ እንኳ አይንገሩ፤ ባንክ ነኝ ብሎ በስልክ የሚጠይቅዎም ሌባ ነው፤ ካርዱ ቢጠፋ በዚያው ሰዓት ወደ ባንኩ ደውለው ያሳግዱት የሚላቸው ሰው ሊኖር ይገባል። በዚያችው ከተማ ገበያ ግን ዕቁብ የወጣለት ነጋዴ ዛሬም ለዕቁቡ ዳኛ ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይወስድም፤ ያው ነጋዴ ማታ ከቤቱ ተቀምጦ ከስልኩ ሲበደር የሚጠይቀው የለም። ባንኮቻችን የዱቤ ካርድ በሰፊው የሚያወጡ ከሆነ፣ ተበዳሪው ራሱ የመረጠው አንድ የቤተ ሰብ ሰው ሳይሰማ ከተወሰነው ልክ በላይ እንዳይበደር የሚያደርግ ሥርዓት በውሉ ውስጥ ቢያስገቡ እወዳለሁ፤ የሚቀበለው ቢኖር አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።