የማኅበረሰብ ውይይት፤ ከኋላ የተቀመጠው እንዲናገር

የብዙ ስብሰባዎቻችን መልክ የታወቀ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ያሉት ሰፊ ንግግር ያደርጋሉ፤ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁለት ሦስት አስተያየት ይሰጣሉ፤ ከዚያም እጅ ይወጣና "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ይባላል። ከኋላ ያሉት ሴቶችና ወጣቶች ያሰቡትን በሆዳቸው ይዘው ይመለሳሉ።

የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለው ዘዴ ይህንን ለመለወጥ የታሰበ ነው። በአገራችን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ኤችአይቪን ለመከላከል ሲጀመር ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ ቦታዎች አንዱ አላባ ነበር። በጎረቤት ከምባታ ደግሞ ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት "ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ" የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ሠራበት።

እምነት ከየት እንደሚጀምር የዶ/ር ቦጋለች ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። ለማስተማር ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ሲመለሱ ሕዝቡ ያስቀደመው ችግር ሌላ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛት የሚያዳምጣቸው ጆሮ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ውይይቱን የሚመሩት ከዚያው አካባቢ የተመረጡና የሠለጠኑ አወያዮች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢሆኑ ይመረጣል። ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ለትውውቅና ለታሪክ ማውራት ይውላሉ። ቀጥሎ ተሳታፊዎቹ የመንደራቸውን ካርታ በአመድ፣ በቅጠልና በጠጠር መሬት ላይ ይሥላሉ። ፊደል ያልቆጠሩት እናት ውኃ የሚቀዱበትን መንገድ ከጸሐፊው የበለጠ ስለሚያውቁ፣ ጠጠሩ እጃቸው ላይ ሲገባ ንግግሩም ወደ እርሳቸው ይዞራል። ካርታውን ይዞ መንደሩን በእግር መዞርም አለ፤ በስብሰባ አፍ የማይወጣው ነገር በመንገድ ላይ ይወጣል።

ጉዳዩ የሚያሳፍር ሲሆን ሴቶች፣ ወንዶች፣ ወጣቶችና ሽማግሌዎች መጀመሪያ ለየብቻቸው ይነጋገሩና ኋላ ይገናኛሉ። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ከተማከሩ በኋላ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ቢያቀርብም "እኔ አልኩ" የሚለው ፍርሃት ይቀንሳል። አወያዩ "ግርዛት ጎጂ ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ እርሱ እንዲሰማ የሚፈለገውን ብቻ ነው። "ያልተገረዘች ልጅ ብትኖራችሁ ምን ያሰጋችኋል?" ካለ ግን "ባል አታገኝም" የሚለው እውነተኛው ሥጋት ይወጣል፤ መነጋገርም ይቻላል።

ግርዛትን የሚያስቀጣው የወንጀል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ታውጇል፤ ከምባታ ላይ ንግግሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ድርጅቱ በሠራባቸው መንደሮች ለልማዱ የነበረው ድጋፍ እጅግ መቀነሱን ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት መዝግቦታል። ዶ/ር ቦጋለችም እ.ኤ.አ. በ2019 እስካረፉ ድረስ ሥራውን አልተዉም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል። ውይይቱ በየሁለት ሳምንቱ ለወራት ይቀጥላል እንጂ በአንድ ቀን ዐውደ ጥናት አያልቅም። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ደግሞ አበል ነው፤ ሰው ለፊርማ ከመጣ የሚናገረው ከፋዩን ደስ የሚያሰኘውን ነው። ሌላው ዕንቅፋት አወያዩ ራሱ ነው፤ ዝምታን መታገሥ አቅቶት የጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ይመልሰዋል።