ድሉን የቀደመ ምስል፦ ለካሜራ የተሰናዱ ፖለቲካዊ ትዕይንቶችና የጦርነት ጊዜ የሕዝብ አስተያየት

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ መሪዎች በጦርነት ጊዜ ለካሜራ የሚያሰናዷቸው ትዕይንቶች የሕዝብን አስተያየት በምን መንገድ እንደሚነኩ ይመረምራል። ዋና ማስረጃው አሜሪካ በ2003 በኢራቅ ላይ ከከፈተችው ጦርነት የወጡ ምስሎች ናቸው። የመጣጥፉ መከራከሪያ፣ እንዲህ ያለው ትዕይንት በዕለቱ የመሪውን ድጋፍ ከፍ የማድረግ አቅሙ ከሚታመነው ያነሰ መሆኑ ነው። ከባዱ ተጽዕኖው ኋላ የሚመጣ ነው፤ ሕዝቡ ጦርነቱን የሚመዝንበትን መለኪያና ኪሳራውን መቁጠር የሚጀምርበትን ቀን ይወስናል። ስለዚህም ድልን የሚያውጅ ምስል መሪው ራሱ ለተቃዋሚዎቹ ያስረከበው ሚዛን ሊሆን ይችላል። (ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መግቢያ

ሜይ 1 ቀን 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ የአብራሪ ቱታ ለብሰው፣ ኤስ-3ቢ ቫይኪንግ በተባለ የባሕር ኃይል አውሮፕላን ከአብራሪው ጎን ተቀምጠው፣ አብርሃም ሊንከን በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አረፉ። መርከቢቱ ዐሥር ወር ያህል ከፈጀ ስምሪት ተመልሳ ወደ ካሊፎርኒያ ጠረፍ እየተቃረበች ነበር። ፕሬዚዳንቱ ልብሳቸውን ቀይረው ንግግር ሲያደርጉ ከበስተኋላቸው በመርከቢቱ ማማ ላይ «ግዳጁ ተፈጽሟል» የሚል ግዙፍ ባነር ተሰቅሎ ይታይ ነበር። በኢራቅ ዋና ዋናዎቹ ውጊያዎች ማብቃታቸውን ተናገሩ፤ ገና ከባድ ሥራ እንደሚቀርም አከሉ። የባነሩን ቃላት ግን በንግግራቸው ውስጥ አላነሷቸውም።

ዛሬ ያንን ንግግር የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ባነሩን የማያስታውስ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለ እንዲህ ዓይነት ትዕይንቶች በተለምዶ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው ምስል ሕዝብን ያታልላል፣ መሪዎችም በምስል ጦርነትን ይሸጣሉ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሕዝብ በፎቶግራፍ አይነዳም፣ አስተያየቱን የሚወስነው የጦር ሜዳው ውሎ ነው ይላል። ሁለቱም ጊዜን ከስሌታቸው አውጥተዋል። አንድ ምስል በተነሣበት ዕለት የሚሰጠው ትርጉምና ከስድስት ወር በኋላ የሚሰጠው ትርጉም የተለያየ ከሆነ፣ የምስሉ ተጽዕኖ በአንድ ቀን ልኬት ሊታወቅ አይችልም።

2. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዳንኤል ቡርስቲን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው «ዘ ኢሜጅ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ እንዲዘገቡ ብቻ ታስበው የሚፈጠሩ ክስተቶችን ለይቶ አጥንቷል። በእርሱ አመለካከት የእነዚህ ክስተቶች ጠባይ አስቀድመው መታቀዳቸው፣ ለዘገባ መመቻቸታቸውና ከእውነታው ጋር ያላቸው ዝምድና የተድበሰበሰ መሆኑ ነው። የሊንከን መርከብ ትዕይንት ሦስቱንም ያሟላል።

ጦርነትና የሕዝብ ድጋፍን በተመለከተ መሠረቱን የጣለው ጆን ሙለር ነው። በ1970 ባወጣው ጥናት፣ አገር በድንገተኛና ጎላ ያለ ዓለም አቀፍ ክስተት ውስጥ ስትገባ ሕዝቡ በመሪው ዙሪያ እንደሚሰባሰብ አሳየ። በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ደግሞ የሟቾች ቁጥር ሲከማች ድጋፉ እንደሚቀንስ ከኮሪያና ከቬትናም ጦርነቶች ማስረጃ አቀረበ። ሪቻርድ ብሮዲ ግን ይህ መሰባሰብ በራሱ እንደማይመጣ ተከራክሯል፤ የሚጸናው ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ዝም ሲሉ ወይም ሲደግፉ ነው። አዳም ቤሪንስኪም ዜጎች ስለ ጦርነት የሚይዙት አቋም በአብዛኛው ከሚያምኗቸው የፓርቲ መሪዎች የሚወሰድ መሆኑን አስረድቷል። ክሪስቶፈር ጌልፒ፣ ፒተር ፊቨርና ጄሰን ራይፍለር ደግሞ ለየት ያለ ሐሳብ አቀረቡ፦ ሕዝብ የሞትን ዋጋ የሚሸከመው ጦርነቱ በድል ይጠናቀቃል ብሎ ሲያምን ነው።

እነዚህ ሐሳቦች ተደምረው ሲታዩ የፎቶ ትዕይንት ቦታ ይገለጣል። ትዕይንቱ ስለ ድል የሚነገር ተስፋ ነው፤ ተስፋው የሚጸናው ግን የሚቃረነው ድምፅ እስከሌለና ሜዳው እስካላስተባበለው ድረስ ነው።

3. ከፊርዶስ አደባባይ እስከ መርከቢቱ

የሊንከን ትዕይንት በባዶ ሜዳ አልተፀነሰም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኤፕሪል 9 ቀን፣ ባግዳድ በሚገኘው ፊርዶስ አደባባይ የሳዳም ሁሴን ሐውልት በአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ከባድ ተሽከርካሪ ተጎትቶ ወድቆ ነበር። አደባባዩ የውጭ ጋዜጠኞች ካረፉበት የፓለስታይን ሆቴል አጠገብ በመሆኑ ካሜራ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። በቅርብ የተነሡት ምስሎች በሰው የተጨናነቀ አደባባይ ያሳያሉ፤ ከሩቅ የተነሡት ግን አብዛኛው ቦታ ባዶ እንደነበር ይመሰክራሉ።

ሾን ኤደይ፣ ጆን ክሉቬሪየስና ስቲቨን ሊቪንግስተን በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚያ ዕለት ፎክስ ኒውስ የሐውልቱን መውደቅ በየ4.4 ደቂቃው፣ ሲኤንኤን በየ7.5 ደቂቃው ደጋግመው እንዳሳዩ ቆጥረዋል። ከዚህ የሚበልጠው ግኝታቸው ቀጥሎ የሆነው ነው፦ ውጊያው ባያቆምም፣ በቀጣዩ ሳምንት ስለ ውጊያ የሚቀርበው ዘገባ በፎክስ ኒውስ ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ፤ በሲኤንኤንም ቀነሰ። ምስሉ በቀጥታ የለወጠው የዜና ክፍሎቹን ግምት ነበር። አዘጋጆቹ ታሪኩ አለቀ ብለው ሲያስቡ፣ ተመልካቹም የሚያይበት መስኮት ጠበበ።

የዋይት ሐውስ ባለሙያዎች ይህን የድል ድባብ ይዘው ወደ ባሕር ወጡ። ዝግጅቱን የመራው ስኮት ስፎርዛ ቀድሞ የኤቢሲ ቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር የነበረ ሰው ነው። ንግግሩ የተቀጠረው የምሽቱ ፀሐይ ፊትን በወርቃማ ብርሃን በምትሞላበት ሰዓት ነው። ፕሬዚዳንቱ በጄት መሄድ ያስፈለጋቸው መርከቢቱ ለሄሊኮፕተር ሩቅ ስለምትሆን ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን በሄሊኮፕተር ሊደረስባት በሚችል ርቀት ላይ እንደነበረች ዋይት ሐውስ አመነ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ «ግዳጁ ተፈጽሟል» የሚለውን ሐረግ ከንግግሩ ረቂቅ እንዳስወጡት፣ ባነሩ ግን እንዳልተነካ ከዓመታት በኋላ ለጋዜጠኛው ቦብ ውድዋርድ ነግረውታል። በቃል ደረጃ የታየው ጥንቃቄ በምስል ደረጃ ጠፋ።

4. ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በጋሉፕ መለኪያ የቡሽ የሥራ አፈጻጸም ድጋፍ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል 58 በመቶ ነበር፤ ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ወደ 71 በመቶ ዘለለ። ሙለር የገለጸው መሰባሰብ ይህ ነው። በኤፕሪል መጨረሻ 70 በመቶ ነበር። ከመርከቢቱ ትዕይንት በኋላ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት በተደረገው መለኪያ ደግሞ 69 በመቶ ሆነ። በአጭሩ፣ በዘመኑ ተንታኞች እንደ ድንቅ የፖለቲካ ትዕይንት የተወራለት ዝግጅት በድጋፉ ላይ የሚታይ ጭማሪ አላመጣም። ሊሰባሰብ የሚችለው ሰው ቀድሞ ተሰባስቧል፤ የቀሩት ደግሞ አቋማቸው በፓርቲ የተወሰነ ነበር።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ይኸው ቁጥር 50 በመቶ ደረሰ። ቅነሳውን ሁሉ በባነሩ ማሳበብ ስሕተት ይሆናል፤ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎች አለመገኘት፣ በኦገስት የተባበሩት መንግሥታት የባግዳድ ጽሕፈት ቤት በቦምብ መመታቱና የአማፅያኑ ጥቃት መጠናከር ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። የባነሩ ድርሻ እነዚህ ዜናዎች የሚነበቡበትን መንገድ መወሰኑ ላይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የሟቾች አቆጣጠር ነው። ከሜይ 1 በፊት የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች 138 እንደነበሩ በወቅቱ ይዘገብ ነበር። መገናኛ ብዙኃን ከዚያ ቀን በኋላ የሞቱትን ለብቻቸው መቁጠር ጀመሩ። በኦገስት መጨረሻ ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን በለጠ፤ ይህም ራሱን የቻለ ትልቅ ዜና ሆነ። ሜይ 1 በጦር ሜዳው ላይ የተለየ ነገር የተከሰተበት ቀን አልነበረም። የድንበር ምልክት ያደረገው ትዕይንቱ ነው። ትዕይንቱ ባይኖር ኖሮ የኦገስቱ ሟች የአንድ ቀጣይ ጦርነት ሟች ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ በትዕይንቱ ምክንያት ግን «ካለቀ» ጦርነት በኋላ የሞተ ሆነ። አባቶች «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ በጎፈሬው የሚጠየቀው ጎፈሬውን ያሳደገው ራሱ ነው።

የቤሪንስኪና የብሮዲ ሐሳብም እዚህ ላይ ይረጋገጣል። ሴናተር ሮበርት ቤርድ ገና በሜይ 6 ትዕይንቱን በሴኔት ሲነቅፉ ድምፃቸው ብቸኛ ነበር ማለት ይቻላል። ከወራት በኋላ ግን ዴሞክራቶች ምስሉን ራሱን መከራከሪያ አደረጉት። በኦክቶበር 28 ጋዜጣዊ መግለጫ ቡሽ ስለ ባነሩ ሲጠየቁ የሰቀሉት የመርከቢቱ አባላት መሆናቸውን መለሱ፤ ባነሩን ያሠራው ግን ዋይት ሐውስ መሆኑ ታወቀ። ከሥልጣን ሊወርዱ ቀናት ሲቀራቸው፣ በጃንዋሪ 2009፣ ስሕተት እንደነበር ራሳቸው አመኑ። በዚያን ጊዜ የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች ከ4,200 በላይ ደርሰው ነበር።

5. ትምህርቱና ድግግሞሹ

በኖቬምበር 27 ቀን 2003 ቡሽ በምስጢር ባግዳድ አየር ማረፊያ ገብተው 600 ከሚያህሉ ወታደሮች ጋር የምስጋና ቀንን አከበሩ። ባማረ ሰሐን የቀረበ የተርኪ ጥብስ ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ከቀናት በኋላ ጥብሱ ለጌጥ የተቀመጠ እንደነበር፣ ወታደሮቹም ከሌላ መደርደሪያ እንደተመገቡ ዋሽንግተን ፖስት ዘገበ። ያም ሆኖ ጉዞው እንደ መርከቢቱ ትዕይንት አልተመለሰባቸውም። ምስሉ ይዞት የነበረው መልእክት «ከእናንተ ጋር ነኝ» የሚል ነበር፤ በእርግጥም እዚያ ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የድል ምስል ተመልሶ መጣ። ከላይ የተጠቀሰው ፒተር ፊቨር በ2005 ወደ ብሔራዊ የጸጥታ ምክር ቤት ገብቶ ነበር። በኖቬምበር 30 ቀን 2005 ቡሽ በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ «የድል ዕቅድ» የሚል ጽሑፍ ከጀርባቸው ተደርድሮ ንግግር አደረጉ፤ የኢራቅ የድል ስትራቴጂ የተባለ ሰነድም ወጣ። በዩኒቨርሲቲ የተደረሰበት ድምዳሜ የመድረክ መጋረጃ ሆነ። ነገር ግን ጥናቱ ያለው ሕዝብ ድልን ሲያምን ይታገሣል ነው፤ «ድል» የሚል ቃል በማየት ያምናል አላለም። በፌብሩዋሪ 2006 የሳማራው መስጊድ ፈንድቶ የእርስ በርስ እልቂቱ ሲከፋ፣ የቡሽ ድጋፍ በዚያው ጸደይ ከ40 በመቶ በታች ነበር።

የተደበቁ ምስሎችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። በዶቨር የአየር ኃይል ሰፈር የሚገቡ የሟች ወታደሮች ሣጥኖች ፎቶግራፍ እንዳይነሡ ከ1991 ጀምሮ የነበረው ክልከላ የተነሣው በ2009 ነው። በኤፕሪል 2004 ከአቡ ግሬብ እስር ቤት የወጡት፣ በእስረኞች ላይ የተፈጸመ በደል የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ደግሞ ማንም ለሕዝብ ያላዘጋጃቸው ነበሩ። ኃይላቸውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ተመልካቹ ከተሰናዳ ምስል ጋር አነጻጽሮ ያልተሰናዳውን ይበልጥ ያምናል።

6. ውጤትን የሚያውጅና መገኘትን የሚመሰክር ምስል

ከዚህ ሁሉ አንድ ልዩነት ይወጣል። አንዳንድ ትዕይንት ውጤትን ያውጃል፤ አንዳንዱ መገኘትን ይመሰክራል። የመጀመሪያው ገና ባልመጣ ጊዜ ላይ ስለሚወራረድ ዕጣው በጠላት እጅ ነው። ሁለተኛው በዕለቱ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ይናገራል።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ማታ የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዘለንስኪ ከጠቅላይ ሚኒስትራቸውና ከቅርብ ባልደረቦቻቸው ጋር ኪየቭ ጎዳና ላይ ቆመው በስልክ የቀረጹት አጭር ቪዲዮ የዚህ ዓይነት ነው። መብራትም መድረክም አልነበረውም፤ የተናገረው ከከተማዋ አለመውጣታቸውን ብቻ ነው። የኪየቭ ዓለም አቀፍ የሶሲዮሎጂ ተቋም ከሩሲያ ወረራ በፊት 37 በመቶ የነበረው የሕዝብ አመኔታ በሜይ 90 በመቶ መድረሱን መዝግቧል። ጭማሪው በዋናነት ከወረራው ድንጋጤ የመጣ ቢሆንም፣ መሰባሰቡ የሚሰባሰቡበት ሰው በቦታው መገኘቱን ይጠይቅ ነበር።

የእኛም ታሪክ ለዚህ ምስክር አለው፤ ገደቡንም ያሳያል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዪቱ ነበሩ፤ በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ላይ ሆነው የሚታዩባቸው ፎቶግራፎችም በውጭ ጋዜጦች ወጡ። ምስሉ ድልን አላወጀም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከጦሩ ጋር መኖራቸውን ተናገረ። ነገር ግን ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ፣ መውጣታቸው የተመዘነው በዚያው በመገኘት መለኪያ ነበር። ለጄኔቫ አቤቱታ መሄዳቸውን የደገፉም፣ አገር ውስጥ ሆነው ሊዋጉ ይገባል ብለው የተቃወሙም የተከራከሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ንጉሥ በጦርነት ጊዜ የት መገኘት አለበት? የመገኘት ምስልም ዕዳ አለው፤ መሪው እስከ መጨረሻው ይጠየቅበታል።

7. ማጠቃለያ

የሊንከን ትዕይንት የሚያስተምረው ምስል ኃይል የለውም ወይም ሁሉን ቻይ ነው የሚል አይደለም። በዕለቱ ድጋፍን አልጨመረም፤ በወራት ውስጥ ግን የአቆጣጠር መነሻ፣ የተቃዋሚ መከራከሪያና የአንድ አስተዳደር መታወቂያ ሆነ። ከዚህ ሁለት የጥናት ምክሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የፎቶ ትዕይንትን ተጽዕኖ የሚመረምር ሰው ከክስተቱ በፊትና በኋላ ባሉ ሁለት መለኪያዎች መወሰን የለበትም፤ ምስሉ ኋላ በማን፣ መቼና ለምን ዓላማ እንደተጠቀሰ መከተል አለበት። ሁለተኛ፣ ምስሉ ምን እንደሚል መለየት ያስፈልጋል፦ መገኘትን ወይስ ውጤትን? ለጋዜጠኛም ምክሩ ቅርብ ነው። በፊርዶስ አደባባይ ዕለት የጎደለው ካሜራን ጥቂት ወደ ኋላ አርቆ አደባባዩን በሙሉ ማሳየት፣ በማግሥቱም ያላለቀውን ውጊያ መዘገብ ነበር። መንግሥት ትዕይንት ማሰናዳቱን አይተውም፤ የምስሉን ወሰን የማሳየት ኃላፊነት ግን የሚያሰራጨው ነው።