አስታማሚን ማን ቆጠረው?

አማርኛችን ለታመመው ብቻ አይደለም ስም ያወጣው፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ላደረውም «አስታማሚ» ብሎ ሰይሞለታል። መዝገብ ላይ ግን ይህን ስም ፈልጋችሁ አታገኙትም። የታመመ ይመዘገባል፣ የሞተ ይመዘገባል። ጨርቅ እየነከረ ግንባር ሲያቀዘቅዝ ያነጋው ሰውስ?

ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ ጀውሃ ነው። ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብሎ ያለውን የይፋት ቆላ የሚያውቅ ሰው ወባንም ያውቃል። ክፋቱ ጊዜው ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ትበረታለች፤ ማሽላው ፍሬ ይዞ ወፍ የሚጠበቀውም ያኔ ነው። ልጇ አልጋ ላይ የወደቀባት እናት ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፍ ልትወነጭፍ አትችልም። ልጇን ወባ፣ ማሽላዋን ወፍ ይዞባት ትከርማለች። አንድ ሰው ታሞ ሁለት ሰው ከሥራ ወጣ ማለት እኮ ነው!

በ1950 ክረምት የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሽታውን እምብዛም ወደማያውቀው ከፍ ያለ አገር ሳይቀር ወጥቶ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ሐኪም ቤት እንደ ልብ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ በሽተኛ ማን አስታመመው? የቤቱ ሰው ነዋ! ብዙም ሳይቆይ ወባን የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ቤት ተረጨ፣ ትንኝ ተቆጠረች። አስታማሚው ግን አልተቆጠረም።

ኤች አይ ቪ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ተለወጠ። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙው ቤተሰብ ሕክምና ማለት ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ነበር። ቤት ለቤት እየዞሩ አስታማሚን የሚያሠለጥኑ፣ ሳሙናና ጓንት የሚያቀብሉ በጎ ፈቃደኞች ተነሡ። ለቀብር የተቋቋሙ አንዳንድ ዕድሮችም በሕይወት ያለውን በሽተኛ ወደ መርዳት ዞሩ።

ሕጋችን ግን አሁንም የሚያውቀው ቀብርን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የቅርብ ዘመዱ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቀድለታል። ለማስታመም ተብሎ በስሙ የተጻፈ ፈቃድ የለም። «ልዩና አሳሳቢ» ነገር ካጋጠመው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያገኛል፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ በዓመት ከ2 ጊዜ ላልበለጠ።

ለጀውሃ ገበሬማ ይህም አይደርሰውም፤ የእሱ አሠሪ ማሽላው ነው። እንግዲህ ዕድሩ መቃብር የሚቆፍር ሰው በተራ እንደሚመድብ፣ በወባ ወራት ለአስታማሚ ማሳ ወፍ ጠባቂ ቢመድብስ? ደንቡ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።