የሲሪንቃ ማሽላና የማተሚያ ቤት ፊደል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ መርሳን ካለፈ በኋላ፣ በሐብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ሲሪንቃን ያገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚህ ሥፍራ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ ይበልጥ የሚነሣው በማሽላ ሥራው ነው። የአካባቢው ገበሬ ከዝናብ መጥፋት ቀጥሎ የሚሠጋው በአቀንጭራ ነው፤ ይኸውም ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥጥ አረም ሲሆን፣ ከመሬት ወጥቶ አበባውን በሚያሳይበት ጊዜ ጉዳቱን ካደረሰ ቆይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አቀንጭራን የሚቋቋሙ ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉ ዝርያዎች ለገበሬው ቀረቡ። የፊተኞቹ ሁለቱ መነሻቸው የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ምርምር ሲሆን፣ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎብዬ ደግሞ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስም ነው።

የዚህ ዓይነቱ ምርምር ውጤት በመስክ መዝገብ ተጽፎ ቢቀር ለማንም አይደርስም። ለባለሙያው በዘገባ፣ ለገበሬውና ለልማት ሠራተኛው በአማርኛ መመሪያ መታተም አለበት። ሲሪንቃ ያለ ባለሙያም ጽሑፉን የሚልከው ራቅ ብሎ ወዳለ ማተሚያ ቤት ነው። ጽሑፉ በዚህ መንገድ ላይ ሳለ የሚደርስበት ነገር በቂ ትኩረት አላገኘም።

የግዕዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ የታተመበት እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮማ ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። በአገራችን ግን የኅትመት ሥራ ጸንቶ የቆመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን የደራሲው ግዴታ ሊነበብ የሚችል የእጅ ጽሑፍ ማቅረብ ነበር። ፊደሉ የማተሚያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ለቃሚው ከሣጥኑ ያነሣዋል፣ አራሚው ያየዋል፤ የጎደለ ፊደል ቢኖር ጉድለቱ የሚታወቀው በዚያው በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተር ይህን የሥራ ክፍፍል አፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ከወጣ በኋላ የለቃሚው ሥራ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ተዛወረ። በላቲን ለሚጽፉ አገሮች ነገሩ ቀላል ነበር። የያኔው የኮምፒውተር ፎንት ግን ቢበዛ 256 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ ከእነዚያም አያሌዎቹ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ነበሩ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ። እነ ቈ፣ ኰ፣ ጐና ኈ ከነዝርያዎቻቸው፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከልኩ ያልፋል። (የታይፕራይተር ዘመን ሰዎች ይህን ችግር ያውቁታል፤ እነርሱም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ እየመቱ ነበር የሚጽፉት።) ስለዚህ የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በበለጡ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱም አከፋፈሉን በራሱ መንገድ አደረገ።

ውጤቱን ለመረዳት አንድ ቃል መውሰድ ይበቃል፦ ጓያ። «ጓ» በሁለተኛው ፎንት ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ገጹን ለማስተካከል አንቀጹን በሙሉ ወደ አንድ ፎንት ሲለውጠው «ጓ» ወደ ሌላ ምልክት ይቀየራል፤ ቋሚና አኳያ የሚሉት ቃላትም አብረው ይበላሻሉ። ፎንቱ ጭራሽ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ደግሞ ሙሉው ጽሑፍ የላቲን ፊደላት ዝርክርክ ሆኖ ይወጣል። ይህኛው እንኳ ይሻላል፤ ስሕተቱን ማንም ያየዋል። የሚያሠጋው አንድ ፊደል ወይም አንድ ነጥብ ብቻ ሲጠፋ ነው። በማዳበሪያ መጠን ሠንጠረዥ ላይ 1.5 የነበረው 15 ሆኖ ቢታተም፣ የሚጎዳው መመሪያውን አምኖ የዘራው ገበሬ ነው።

ከዚህ የተነሣ ፊደሉ ወጥ መለያ ቁጥር እንዲኖረው የተደረገው ጥረት ከቴክኒክ ጉዳይነት ያለፈ ነበር። ፍሥሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን ያዘ። ከዚያ ወዲህ «ጓ» በየትኛውም ፎንት ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው። ሆኖም የቆየ ልማድ በቶሎ አይለቅም፤ ብዙ ቢሮዎች ዩኒኮድ ከመጣ ከዓመታት በኋላም በአሮጌዎቹ ፎንቶች ይጽፉ ነበር። አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥቦች የሚተኩ ጸሐፊዎች ደግሞ ዛሬም አሉ፤ እነዚያ ነጥቦች በመስመር መጨረሻ ላይ ሲለያዩ አንዱ ጥንድ ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ፒዲኤፍ ማተሚያ ቤቶችን ከብዙ ጭንቀት አሳርፏል። ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ ከታቀፈ ገጹ በሄደበት ሁሉ መልኩን አይለውጥም። የቀረው ጥንቃቄ የታወቀ ነው፦ ሥዕሎች በኢንች 300 ነጥብ ያህል ጥራት እንዲኖራቸው፣ ቀለሙ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች እንዲዘጋጅ፣ እስከ ገጹ ጫፍ የሚደርስ ሥዕል ካለ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ። ነገር ግን ፒዲኤፍ ዓይንን ሊያታልል ይችላል። በአሮጌ ፎንት ተጽፎ የተዘጋጀ ፋይል በወረቀት ላይ አምሮ ይታተማል፤ በውስጡ የተቀመጠው ግን ያው የላቲን ዝርክርክ ነው። ማተሚያ ቤቱ በዚህ አይቸገርም፤ ሥራው በወረቀቱ ላይ ያበቃልና። ችግሩ የሚታየው ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ለማተም ወይም በውስጡ አንድ ቃል ለመፈለግ በተሞከረ ጊዜ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ የሲሪንቃ ማዕከልም ተዘረፈ፤ ከባድ ጉዳትም ደረሰበት። ምርምር የሚካሄድበት ቦታ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስበት፣ ቀደም ብሎ ለኅትመት ወደ ሌላ ከተማ የተላከ ፋይል ከወረቀቱ ቅጂ ሌላ የሚተርፍ ብቸኛ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ያ ፋይል በዩኒኮድ ከተጻፈ «አቀንጭራ» ብሎ የፈለገ ተመራማሪ ቃሉን ያገኘዋል፤ በአሮጌው ፎንት ከተጻፈ ግን ገጽ በገጽ በዓይኑ እያነበበ እንደገና መተየብ ይኖርበታል።